ብርድ ልብሱን አትንኪው

መጋረጃ ሰፊዋ ከልጅነቷ ጀምሮ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ አታውቅም። አሁን ግን ሆስፒታል አስገብተው አንድ የማይመች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጎለቷትና «ወንድምሽን እያየሽ ጠብቂ» አሏት። ምኑን ትጠብቅ? በሽታውን! ዕድሜ ልኳን ስትሸሸው የኖረችውን፣ «የዛሬን ብቻ ማረን» እያለች ስትለማመነው የከረመችውን በሽታ፣ አሁን እንደ ክቡር እንግዳ ቁጭ ብላ «መቼ ይሆን የሚመጣው?» ልትል ነው። ወይ ጣጣ!

ወንድሟ አልጋው ላይ ተንጋሏል። ጭንቅላቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከፋሻው ሥር የወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ባንድ ላይ ተጎንጉነው ግድግዳው ላይ ካለው ሣጥን ይገባሉ። ከጣሪያው ጥግ ካሜራ አለ፤ ቀንም ሌትም ዐይኑን አይከድንም። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ የለጠፈችው ወጣት ባለሙያ ናት። ወንድምና እህት እርስ በርሳቸው «የሽቦዋ ልጅ» ነው የሚሏት። ቀልጣፋ ናት፣ ደግ ናት፣ ትንሽ ደግሞ ትቆጣለች።

«ሲመጣበት» አለች የሽቦዋ ልጅ፣ «ይቺን ቁልፍ ይጫኑ። ብርድ ልብሱን ይግለጡለት። ከዚያ ከካሜራው ፊት ዞር ይበሉ። ሌላውን ሲስተሮቹ ያደርጉታል፤ እዚሁ በር ላይ ናቸው።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ይቺማ ምን አላት!» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። አፍ ሲናገር መቼም ሁሉ ነገር ቀላል ነው።

ወንድሟን የሚጠሩት ማሙሽ እያሉ ነው። ጢም አወጣ፣ ጠጉሩ ከፊት ሸሸ፣ ስሙ ግን አብሮት አላደገም። ገና ድክ ድክ ሲል ኃይለኛ ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ተሻለው ተባለና ተረሳ። ፊደል ከቆጠረ በኋላ ግን አንድ ቀን እናታቸው ሁለቱንም ይዛ ከገበያ ስትመለስ፣ መንገድ መሀል ዘጭ ብሎ ወደቀ። ሰው ከበበ። አንዱ ማንኪያ አምጡ ይላል፣ አንዱ ውኃ ድፉበት ይላል፣ አንዷ «ይጋባብኛል» ብላ ልጇን አቅፋ ትሸሻለች። እናት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። በመጨረሻ ሻርፗን ከትከሻዋ አውልቃ ልጁን ከራሱ እስከ እግሩ ሸፈነችው። ከዚያ ወደ ሴት ልጇ ዞራ፦ «አንቺ! ነይ ከዚህ ቁሚ! ሰው እንዳያይብን!» አለቻት። ልጅቷም እጇን ዘርግታ በወንድሟና በሰው መሀል ቆመች።

እናት አርፋ ሌላው ሁሉ ሲረሳ ያቺ ትእዛዝ አልተረሳችም። በዚያ ቤት የሚጥል በሽታ የሚባል ነገር የለም፤ «ያ ነገር» ነው የሚባለው። ያ ነገር ሲመጣ የሚደረገውም የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ልብስ ጣል ማድረግ፣ ቀጥሎ ጀርባን ለሰው ሰጥቶ መከለል፣ ከዚያ «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም፣ አሁን ይተወዋል» ማለት። መጋረጃ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ጋር ስትቀመጥ ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ አለ። ደንበኞቿ የሙያው ነገር ይመስላቸዋል። እሷ ግን ያን ጨርቅ ሰፍታበት አታውቅም። ማሙሽ ከጓዳ፣ ከዚያች ጠባብ ክፍል፣ መጋረጃ ላይ ቀለበትና መንጠቆ ሲሰካ ይውላል፤ የቀለበቱ ኳኳታ ቀጥ ሲል እሷ ከወንበሯ ተነሥታ ሮጣለች።

መድኃኒት አልወሰደም እንዳትሉ። ወስዷል፣ ያውም ሳያቋርጥ። አንዱ ኪኒን ድዱን አሳበጠው። አንዱ ቀን ሙሉ እያንቀላፋ እንዲውል አደረገው፤ ተቀምጦ ያንኮራፋ ነበር። ሌላው ደግሞ ያን የመሰለ ቀልደኛ ልጅ ቁጡ አድርጎት፣ የወደቀ መርፌ ሲያይ እንኳ ይሳደብ ጀመር። ያ ነገር ግን አንዳንዴ ራቅ እያለ፣ አንዳንዴ እየተደራረበ ይመጣ ነበር። አንድ ጊዜ መጋረጃ ሲተኩስ መጣበትና በጋለው ካውያ ላይ ወደቀ። ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ካውያውን እሷ ቆለፈችበት፤ ልብስ መተኮሱም ሥራዋ ላይ ተጨመረ።

ትዳርስ? እንዴት ያለ ሰው መጥቶላት ነበር መሰላችሁ! የመጋረጃ ዘንግ የሚገጥም ባለሙያ። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይሰቅላል፤ ደንበኛው «እናንተማ ባልና ሚስት ትመስላላችሁ» ሲል ሰውዬው ይስቃል፣ እሷ ታቀረቅራለች። «አንድ ቀን ቤትሽ ሻይ ብታጠጪኝ ምን አለበት?» ይላታል። «ቤታችን ጠባብ ነው» ትላለች። «እኔም ወፍራም አይደለሁም» ይላታል። እንዲህ ሲባባሉ ከረሙና አንድ ቀን ሳይነግራት መጣ። በሩን ገፋ ሲያደርገው ማሙሽ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። እሷ እንደ እብድ ተወርውራ በሩን በፊቱ ድርግም አደረገችበት፤ ጀርባዋንም በበሩ ላይ አድርጋ «ሂድ! ሂድልኝ!» አለች። ሰውዬው ከውስጥ የወንድ ትንፋሽ ሰምቷል። ምን ያስብ? ሌላ ሰው አለ ብሎ ሄደ። እሷም ይሂድ ብላ ተወችው። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል አሉ፤ ሥራ ሲኖር ሠራተኛውን ነው የሚልከው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ነበር ከዚህ ሐኪም እጅ የወደቁት። ዶክተሩ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የማሙሽን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ጠየቀና፦

«በደንብ የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተወስደው ካልሠሩ፣ ሦስተኛውና አራተኛው የሚሠራበት ዕድል ትንሽ ነው» አለ። «ጥናቶች ይህን ደጋግመው አሳይተዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ከዓመት ዓመት ኪኒን እየለዋወጡ ማቆየት አይገባም። ቶሎ መመርመር፣ ለቀዶ ጥገና ይሆን እንደሆነ ማየት ነው።»

«ቶሎ አሉኝ ዶክተር?» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ቁጣ አልነበረም፤ ለቁጣም አቅም ይጠይቃል። «እኔ እኮ ጠጉሬ የሸበተው እዚህ ወረፋ ላይ ነው።»

ዶክተሩ ዐይኑን ሰበረ። «ልክ ነዎት። ቶሎ አልነበረም።»

የጭንቅላቱን ውስጥ በማሽን አነሡት። ከጆሮው በላይ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ባንዱ በኩል ትንሽ ጠባሳ ተገኘ። ምናልባት የዚያ የልጅነት ትኩሳት ትራፊ ይሆናል አሉ። ማሙሽ «እንግዲያው ቁረጡልኝና ልሂድ» ሲል ዶክተሩ ሣቀ። ነገሩ ግን እንዲህ በዋዛ የሚሆን አልነበረም። ፎቶው ጠባሳ መኖሩን ይናገራል፤ በሽታው የሚነሣው ከዚያ ለመሆኑ ግን አይመሰክርም። ስለዚህ መድኃኒቱ እዚያው ሆስፒታል ተቀንሶለት፣ ሲመጣበት መቀረጽ አለበት። የትኛው እጁ መጀመሪያ ምን ይሆናል? ፊቱ ወዴት ይዞራል? በዚያችው ደቂቃ ሽቦዎቹ ምን ያሳያሉ? ይህ ሁሉ ከጠባሳው ጋር ከገጠመ፣ ቀዶ ሐኪሞቹ ቆርጠው ሊያወጡለት ይችላሉ። ካልገጠመ ማንም ቢላዋ አያነሣም።

«ዋናው መጀመሪያው ነው» አለ ዶክተሩ። «አጀማመሩን ካላየን ምንም አላየንም።»

እንግዲህ ያ ሁሉ ምክር የተሰጠው ለማን እንደሆነ አስቡት።

የመጀመሪያው የመጣው ጠዋት ነው። ማሙሽ ሻይ ይዞ የሆስፒታሉን ቁርስ ሲያማ ነበር። ብርጭቆው ከእጁ ሸተት ሲል መጋረጃ ሰፊዋ እግሯ መቼ ከወለሉ እንደተነሣ አታውቅም። ስትነቃ እላዩ ላይ ናት። ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ስባዋለች፣ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታለች፣ እጇን እንደ ድንኳን ዘርግታለች፣ ለሚሮጡት ነርሶችም «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም፣ አሁን ይተወዋል» ትላለች። ቁልፉ ከወንበሩ ሥር ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ዶክተሩ ፊልሙን ሲያይ አንድ ቡናማ ሹራብ የለበሰ ሰፊ ጀርባና ከሥሩ የሚነቃነቅ ብርድ ልብስ አየ።

«ይኼ የማን ጀርባ ነው?» አለ።

የሽቦዋ ልጅ ዞራ መጋረጃ ሰፊዋን አየቻት።

ማሙሽ እንቅልፉ ለቆት ወሬውን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሣቀ። «እትዬ፣ ፊልም ሠራሽ አሉኝ። ፊትሽ አልታየም እንጂ ጀርባሽ አንደኛ ነው።»

«ዝም በል» አለችው። ለራሷ ግን ማለች፤ ሁለተኛ አይደገምም አለች። የሽቦዋ ልጅም አላመነቻትምና ብርድ ልብሱን ይዛ ሄደች፤ ስስ አንሶላ ብቻ ተወችለት።

ሁለተኛው ሲመጣ ቁልፉን ተጫነች። እሰይ! አንሶላውንም ገለጠች። እሰይ! ከዚያስ? ከዚያማ የገዛ ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ ፊቱ ላይ ጣል አደረገችና ከፊቱ ቆመች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ነርሷ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ስታስነሣት ያ ነገር አልፏል፤ ማሙሽ ያንኮራፋል።

ይሄኔ የሽቦዋ ልጅ ትዕግሥቷ አለቀ። «ኧረ በእግዚአብሔር! ምን ነካዎት?» አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተው አያውቁም?»

ሰምታለች እንጂ! እሷ ራሷ ለስንት ሰው ተርታበታለች። ቁስሏን ደብቃ እግሯ ላበጠባት ጎረቤት ተርታለች፣ ሳሉን ለደበቀ ደንበኛ ተርታለች። ለራሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሏት አያውቅም። ሻርፗን ከወለሉ አንሥታ አጠፈች፤ አጥፋም እንደገና ዘርግታ አጠፈች።

ዶክተሩ ኮሪደር ላይ አስጠራት። አልጋው አንድ ብቻ ነው፤ ከሳምንቱ መጨረሻ ሌላ በሽተኛ ይገባበታል። እስከዚያ አጀማመሩ ካልተቀረጸ መድኃኒቱ ተመልሶለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተመልሶ መቼ እንደሚገባ ዶክተሩም አያውቅም።

«እና ቅር ካላለዎት» አለ፣ «እርስዎ ውጭ ቢጠብቁ ይሻል ይመስለኛል።»

«ውጭ?» አለች። «እኔ ነኝ ውጭ የምጠብቀው? እኔ ነኝ እኮ ያሳደግኩት!»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም» አለችና ፊቷን አዞረች።

ወደ ክፍሉ ስትመለስ ማሙሽ ሁሉን ሰምቶ ኖሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቀልዱ ጠፍቷል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ሲጥለኝ ምን እመስላለሁ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት ምን ማለት ነው? አንዴ ልጆች ዐይኑ ይገለበጣል፣ እንደ አውሬ ያጓራል አሉኝ። እኔም ራሴን በዐይነ ሕሊናዬ እንደዚያ ነው የማየው። አንቺን ስጠይቅሽ ምንም አይደለም ትያለሽ። ምንም ካልሆነ ለምንድን ነው የምትሸፍኚው?»

መጋረጃ ሰፊዋ ጎንበስ አለች። ትራሱን አስተካከለችለት፣ ያልተዛነፈውን አንሶላ አስተካከለች፣ «ሻይህ ቀዘቀዘ፣ ጠጣ» አለችው።

«ለአንድ ቀን ተዪኝ፣ እትዬ» አለ። «አፈር ስሆን። ይዩኝ።»

ወጣች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና አለቀሰች። ሆድ ብሷታል፤ ሆድ ያስባሳት ግን የዶክተሩ ነገር አይደለም። ከሁሉ በላይ ደክሟታል። እንዲህ ያለ ድካም ተኝተው ቢነሡም አይለቅም። ያ ሁሉ ዘመን ስትሮጥ የኖረችው ለእሱ ነበር፤ አሁን እሱ ራሱ እንቅፋት ሆንሽብኝ አላት። ደግሞ እውነቱን ነው። ካውያው፣ በየጎዳናው መውደቁ፣ ከዚህ ሁሉ የሚገላገልበት አንድ በር ተከፍቶ፣ ከበሩ ላይ የተገተረችው እሷ ናት። ፊቷን ታጠበችና ተመለሰች።

«አልወጣም» አለች ለሽቦዋ ልጅ። «ብወጣ በር ሰብሬ እገባለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ግን ከአልጋው ራቅ አድርጊኝ። እጄንም የሚይዝልኝ ሥራ ስጪኝ።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

መጋረጃ ሰፊዋ መስኮቱን አሳየቻት። ከአልጋው ራስጌ ማዶ ያለው የሆስፒታሉ መጋረጃ ጠርዙ ተተርትሮ ተንዘልዝሏል። ከገባች ጀምሮ እያየችው ስትበሳጭ ነበር። «የዚህን ጠርዝ የሰፋ ሰው እንዴት ያለ ሰነፍ ነው! ክሩን እንኳ አልቋጠረውም።»

የሽቦዋ ልጅ በስንት ጊዜዋ ሣቀች። ወንበሩን መስኮቱ ሥር አደረገችላት፣ የቁልፉንም ገመድ እስከዚያ ሳበችው። «እንግዲህ እማማ፣ አደራ።»

«እማማ ትይኝ?» አለች መጋረጃ ሰፊዋ፤ ከቦርሳዋ መርፌዋን አውጥታ ክር አስገባች።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ጠዋቱ በከንቱ አለፈ። ዶክተሩ ብቅ ብሎ አየና ሰዓቱን ተመልክቶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ክፍሉን አሞቀችው። ማሙሽ አልጋው ላይ ተቀምጦ እህቱ ስትሰፋ ያያል፤ መድኃኒቱ ከተቀነሰለት ወዲህ እንቅልፉ ቀንሶ አፉ ተከፍቷል።

«አሁን እዚህም ሥራ ያዝሽ?» አላት። «ሆስፒታሉ ሲያይሽ ይቀጥርሻል። መጋረጃው ካለቀ ዘንጉም ይታደስ በያቸው፤ ዘንግ ገጣሚውንም እናስጠራ...»

ቃሉን አልጨረሰውም።

መጋረጃ ሰፊዋ ቀና አለች። ዐይኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ እሷን ያያል፣ ግን አያያትም። ተነሣች። እግሯ ወደ አልጋው አንድ እርምጃ ሄደ። በቀኝ እጇ ቁልፉን ተጫነችና በሁለት እጇ መጋረጃውን ጨበጠች፤ አጥብቃ ጨበጠችው። አፏ ያንን ዕድሜ ልኳን ያለችውን «ምንም አይደለም» ሊል ተከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«መጣበት!» ብላ ጮኸች። «ኑ! ወንድሜ መጣበት! ኑና እዩት!»

ነርሶቹ ገቡ። አንዷ አንሶላውን ገለጠች፣ አንዷ ፊቱ አጠገብ ሆና «ማሙሽ! ትሰማኛለህ? ብርቱካን በል! ብርቱካን የምትለውን ቃል ያዝልኝ፣ ኋላ እጠይቅሃለሁ!» አለች። እሱ አልሰማም። ከንፈሩ ይላወሳል፣ ምራቁን ይውጣል። አንደኛው እጁ የሸሚዙን ቁልፍ እየዳበሰ ሊፈታ ይሞክራል፣ ሌላው እጁ ቀስ እያለ ተጣሞ ደረቀ። ከዚያ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ዞረ፣ ሰውነቱ ተገተረ፣ ተንቀጠቀጠ። ነርሶቹ በጎኑ አስተኙት። መንቀጥቀጡ እየቆየ ራቅ ራቅ አለ፣ ከዚያ ቆመ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። በቃ።

መጋረጃ ሰፊዋ መጋረጃውን እንደጨበጠች ናት። አሁን የገረማት አንድ ነገር ነው። ይህን ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው አይታው አታውቅም። ከዚያ ከገበያው መንገድ ጀምሮ ሁልጊዜ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ የምታየው ሰዉን ነበር። ማን ሣቀ፣ ማን ተሳቀቀ፣ ማን ልጁን ይዞ ሸሸ፣ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ታስታውሳለች። የወንድሟ እጅ ግን የሸሚዙን ቁልፍ እንደሚፈታ ዛሬ ነው ያወቀችው።

«እጅዎ ደምቷል» አለቻት የሽቦዋ ልጅ። መርፌዋ መዳፏ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። አልተሰማትም ነበር።

ወደ ማታ ገደማ፣ ማሙሽ ተኝቶ ከተነሣ በኋላ ዶክተሩ መጣ። ፊቱ ፈክቷል። የእጁ ሁኔታ፣ የፊቱ አዟዟር፣ የሽቦዎቹ ምልክት፣ ሁሉም ወደዚያችው ጠባሳ ያመለክታሉ አለ። ቀዶ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ይመክሩበታል፤ ጥቂት ምርመራም ይቀራል።

«ይድናል ብዬ ቃል አልገባም» አለ። «እንዲህ ያለ ጠባሳ ኖሮባቸው ከተቆረጠላቸው ሰዎች ብዙዎቹን በሽታው ይተዋቸዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ዛሬ ግን በሩ ተከፍቷል። እርስዎንም አመሰግናለሁ።»

«እኔማ ምን አደረግኩ?» አለች።

«ምንም አላደረጉም» አለ ዶክተሩ። «ለዚያ ነው።»

እሱ ሲወጣ ማሙሽ የሽቦዋን ልጅ እጅ ያዘ። «አሳዪኝ» አላት።

የሽቦዋ ልጅ አንዴ እሱን፣ አንዴ እህቱን አየች። ከዚያ ፊልሙ የሚታይበትን ማሳያ ወደ አልጋው አዞረችው። የመጋረጃ ሰፊዋ እጅ ሳታዘው ተነሥቶ ወደ ማሳያው ሄደ፤ ልትከልለው ነው። መንገድ ላይ ያዘችው። እጇን መልሳ ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችበት።

ማሙሽ አየ። ሲቀልድ አየ፣ ቃሉ ሲቋረጥ አየ፣ ከንፈሩ ሲላወስ፣ እጁ ቁልፍ ሲፈታ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲተነፍስ አየ። ፊልሙ አለቀ።

«ይኼው ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ይኼው ነው» አለች የሽቦዋ ልጅ።

«ያ... ያ አውሬው የታለ?» ዐይኑ በእንባ ሞላ። «የታመመ ሰው እኮ ነው። የታመመ ሰው ብቻ ነው።» ወደ እህቱ ዞረ። «እትዬ፣ ያን ዕለት ዘንግ ገጣሚው በር ላይ ሲመጣ የዘጋሽበት ይኼን እንዳያይ ነው?»

«አዎ።»

«ይኼን?»

«ሰው እንዳያይብን ብዬ ነዋ፣ ማሙሽዬ። እማዬ እንዲያ ስላለችኝ ነው።»

«ማንም አላየንም፣ እትዬ» አለ። ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። «ይኸው ስንኖር አንድ ሰው እንኳ አላየንም።»

መጋረጃ ሰፊዋ ቀና ብላ ማሳያውን አየች፤ ሌላ ወዴት ትመልከት? ፊልሙ መጨረሻው ላይ ቆሟል። ከአልጋው ማዶ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጠጉሯ የሸበተ፣ ትከሻዋ የወደቀ ሴትዮ መጋረጃ ጨብጣ ቆማለች። መጀመሪያ የሌላ በሽተኛ አስታማሚ መሰለቻት። ማናት ብላ ልትጠይቅ አፏን ከከፈተች በኋላ ነው ቡናማውን ሹራብ ያወቀችው።

«ላጥፋው?» አለች የሽቦዋ ልጅ።

«ቆይ፣ ልጄ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ወንበሯን ወደ አልጋው ሳብ አድርጋ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። «ትንሽ ትቆይ። እኔም እስቲ ልያት።»